ከዕቃው ይልቅ ምርቃቱ

በገዳሪፍ ገበያ «አታሪ» ብሎ የጠየቀ ሰው የአሜሪካውን ኩባንያ ሥራ ላያገኝ ይችላል። ስሙ በዐረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የማንኛውም የቴሌቪዥን ጌም መጠሪያ ሆኗልና። ርካሹ ካርቶን ሲከፈት የሚወጣው ኒንተንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ያቀረበው የ«ፋሚኮም» ቅጂ ነው።

በካሴቱ ላይ «9999999 ጨዋታዎች» ተብሎ ታትሟል። ተርጓሚ ነኝና ቁጥር ሳላዛንፍ ማሸጋገር ልማዴ ነው፤ ይህን ግን እንዳለ ብተረጉመው ለውሸቱ ሁለተኛ አፍ መሆን ነው። እነዚያው ጥቂት ጨዋታዎች ስም እየለወጡና ከሌላ ደረጃ እየጀመሩ ይመላለሳሉ። የደረሱበትንም አያስቀምጥም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ገንዘብ የሚያወጣው ምርቃቱ ነው፦ ሁለተኛው ጆይስቲክና ሽጉጡ። ጆይስቲኩ ወንድምና እህትን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሽጉጡ ደግሞ አይተኩስም፤ ያያል። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁራል፤ ዒላማው ብቻ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ በአፈሙዙ ያለው የብርሃን መለኪያ ያን ካገኘ ዳክዬዋ ትወድቃለች። ይህ ብልሃት የተሠራው ግን ጀርባው ትልቅ ለሆነው ለአሮጌው ቴሌቪዥን ነው። ዝርጉ ስክሪን ምስሉን ስለሚያዘገይ ሽጉጡ ይታወራል። ካርቶኑ ይህን አይናገርም።

ሰሊጥ አጭዶ፣ ገላባትን ተሻግሮ ወደ መተማ ለሚመለስ ሠራተኛ ዕቃ መልሶ መቀየር የሚባል ነገር የለም። እቤቱ ያለው ቴሌቪዥን ዝርግ ከሆነ፣ የሽጉጡን ዋጋ አስቀንሶ ይግዛ።