ጉንጯ ያበጠው ልጅ ከጥናቱ ውጭ ናት

ስለ ልጆች የጥርስ ማደንዘዣ የታተሙ ጥናቶችን ለመቁጠር ብትነሱ ይደክማችኋል። ሊዶኬይን ይሻላል ወይስ አርቲኬይን? ድድ ላይ የሚቀባው ጄል ብቻውን ይበቃል? በኮምፒውተር የሚሠራው መርፌ በእጅ ከሚገፋው ያነሰ ያማል? መርፌው ከመግባቱ በፊት ጉንጭን ማርገብገብስ? ጥያቄዎቹ ደህና ናቸው፤ ብዙዎቹም በጥንቃቄ ተሠርተዋል። እኔ ግን ዛሬ እነዚህን ጥናቶች ከፎገራ ሜዳ ላይ ሆነን እንድናነባቸው እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ሲታዩ ትልቅ ቀዳዳ አለባቸው።

እስቲ አንዲት ልጅ እናስብ። ዕድሜዋ 5፣ ክብደቷ 15 ኪሎ፣ ቤቷ ቁሐር ሚካኤል። የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ከተበላ ቆይቷል። መጀመሪያ የሚያማት ጣፋጭ ሲነካው ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ሌሊት ሌሊት ያስለቅሳት ጀመር። ቅርንፉድ ተደረገላት፤ ትንሽ አስታገሰላት። ወሩ ክረምት ስለነበር፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ውሃ ስለተኛ፣ ቤተሰቦቿ «መንገዱ ትንሽ ይድረቅ» አሉ። አሁን ጉንጯ አብጧል። ወረታ ከደረሱ በኋላ መንገዱ ሦስት ነው፦ ወደ ደቡብ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ ደብረ ታቦር፣ ወደ ሰሜን ጎንደር 120 ገደማ። ልጅቱን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ዘግይተው ሐኪም ዘንድ የሚደርሱ ልጆች ግን በየገጠሩ አሉ።

ታዲያ ከእነዚያ ሁሉ ጥናቶች ውስጥ ስንቱ እሷን ይመለከታል? ብዙዎቹ ገና ከበሩ ይመልሷታል። ለሙከራው ማን እንደተመረጠ የሚናገረውን ክፍል አንብቡ፤ «እብጠት፣ መግል ወይም ኢንፌክሽን ያለባቸው ልጆች አልተካተቱም» የሚል ዓረፍተ ነገር ደጋግማችሁ ታገኛላችሁ። ተመራማሪዎቹ ይህን የሚያደርጉት ተንኮል አስበው አይደለም። ጥርሶቹ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ካልሆኑ ሁለት ዘዴዎችን ማወዳደር ይከብዳል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ የወጣው ውጤት «ለልጆች የሚሻለው ይኼ ነው» ተብሎ ለሁሉም ሲታደል ነው።

ለምን ችግር እንደሚሆን ለማየት መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የህመም መልእክት በነርቭ ውስጥ የሚጓዘው ሶዲየም በነርቩ ሽፋን ላይ ባሉ ጠባብ በሮች ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ማደንዘዣው እነዚህን በሮች ይዘጋል፤ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ነገሩ የተጀመረው በኮኬይን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ካርል ኮለር ቪየና ውስጥ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ተጠቀመበት፤ ብዙም ሳይቆይ አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስቴድ የመንጋጋን ነርቭ በመርፌ አደነዘዘ። (ሃልስቴድ ራሱ ላይ ሲሞክር የኮኬይን ሱሰኛ ሆኖ ቀረ፤ የሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለ ጉድ አያጣም።) ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበትን ሊዶኬይን ኒልስ ሎፍግሬን ስዊድን ውስጥ በ1943 ሠራው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ሊዶኬይን በሩን የሚዘጋው ከውስጥ በኩል ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የነርቩን ቅባታማ ሽፋን ሰንጥቆ መግባት አለበት። ሰውነታችን ውስጥ መድኃኒቱ በሁለት መልክ ይገኛል፦ የኤሌክትሪክ ሙል ያለውና የሌለው። ሽፋኑን በቀላሉ የሚያልፈው ሙል የሌለው ብቻ ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው አካባቢው ምን ያህል አሲዳማ እንደሆነ ነው። ጤነኛ ድድ ውስጥ ፒኤች 7.4 ገደማ ነው፤ የሊዶኬይን ፒኬኤ ደግሞ 7.9። በኬሚስትሪ ክፍል የተማራችሁትን ቀመር ብትጠቀሙ፣ ሙል የሌለው ክፍል 24 በመቶ ያህል ይሆናል። ኢንፌክሽን ያለበት ድድ ግን አሲዳማ ይሆናል። ፒኤቹ ወደ 6.4 ወረደ እንበል፤ ያው ቀመር 3 በመቶ ይሰጣችኋል። የተወጋው መድኃኒት ያው፣ መጠኑም ያው፤ ነርቩ ውስጥ ለመግባት ዝግጁ የሆነው ግን ወደ ስምንት እጥፍ አነሰ። በዚያ ላይ የተቆጣ ነርቭ ራሱ ከጤነኛው ይልቅ በቀላሉ ይነሳሳል። «ማደንዘዣ ወግተውኝ አልሠራም፣ እያመመኝ ነቀሉኝ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ከሆነ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ይህን ይዘን ዘዴዎቹን እናወዳድር። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው መድኃኒቱን ጥርሱ አጠገብ ድድ ውስጥ ወግቶ በአጥንቱ በኩል ወደ ሥሩ እንዲሰርግ ማድረግ ነው፤ ማስረግ እንበለው። ሁለተኛው ራቅ ብሎ የመንጋጋውን ዋና ነርቭ መያዝ ነው፤ ሐኪሞች ብሎክ ይሉታል። ሩዝ የምታጠጡ ከሆነ ልዩነቱ አይጠፋችሁም፦ አንዱ ውሃውን በየመደቡ ጫፍ መድፈን፣ ሌላው ዋናውን ቦይ ከላይ መዝጋት ነው።

ለላይኛው መንጋጋ ክርክር የለም፤ አጥንቱ ስስ ስለሆነ ማስረግ ይበቃል። ውዝግቡ ታች ነው። የአዋቂ ሰው የታችኛው መንጋጋ አጥንት ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የልጆች ግን ገና ያን ያህል አልጠጠረም። ስለዚህ ማስረግ በትንንሽ ልጆች ላይ ሊሠራ ይችላል፤ በተለይ በአርቲኬይን ሲሆን ውጤቱ ከሊዶኬይን ብሎክ ጋር እንደሚቀራረብ ያሳዩ ሙከራዎች አሉ። ብሎክ ደግሞ እጅ ይፈልጋል፦ ነርቩ ወደ አጥንቱ የሚገባበት ቀዳዳ በልጆች ላይ ከአዋቂዎች ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ በአዋቂ ልማድ የወጋ ሐኪም ሊስተው ይችላል። ከንፈርና ምላስም ለሰዓታት ይደነዝዛሉ። እነዚህን ደምረው «ለልጆች ብሎክ ይቅር» የሚሉ ጽሑፎች እየበዙ ነው።

ለተሰበረ ወይም ገና በትንሹ ለተቦረቦረ ጥርስ እስማማለሁ። ለቁሐር ሚካኤሏ ልጅ ግን አልስማማም። ማስረግ ማለት መድኃኒቱን ልክ ያ አሲዳማ ቦታ ላይ ማፍሰስ ነው። ብሎክ ከእብጠቱ ራቅ ብሎ፣ ጤነኛ ሥጋ ውስጥ ነርቩን ያገኘዋል። እሱም ሁልጊዜ አይሳካም፤ የሚወጋበት ቦታ ራሱ ካበጠም ሌላ ጣጣ ነው። ቢሆንም ጥናቶቹ እሷን አስወጥተው ባገኙት ውጤት ለእሷ የሚሻለውን ዘዴ ከሐኪሞች ሥልጠና ላይ ማስቀረት ትልቅ ስህተት ነው።

ሌላው ቅሬታዬ የሚለካው ነገር ላይ ነው። በርካታ ሙከራዎች ልጁን ከመርፌው በኋላ ከሚስቅ እስከሚያለቅስ የተደረደሩ የፊት ሥዕሎች ያሳዩትና «የትኛውን ትመስላለህ?» ይሉታል። መለኪያው መጥፎ አይደለም። ግን የመርፌው ህመም ደቂቃ ነው፤ ጥርሱ ሲነቀል ሳይደነዝዝ ቢቀር ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሐኪም ይሸሻል። ጥያቄው መነሳት ያለበት ሁለቴ ነው። በዚያ ላይ ልጁም ሐኪሙም የትኛው መሣሪያ እንደተያዘ እያዩ ነው፤ በኮምፒውተር የሚሠራው መርፌ እስክሪብቶ ይመስላል፣ መርፌ አይመስልም። ታዲያ የቀነሰው ህመሙ ነው ወይስ ፍርሃቱ? እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ልጆችና ታዳጊዎች ማደንዘዣውን እንዲቀበሉ የሚረዱ መንገዶችን የፈተኑ 26 ሙከራዎችን መርምሮ፣ የትኛው እንደሚበልጥ አስረግጦ ለመናገር በቂ ማስረጃ አላገኘም። የዚያ ማሽን ዋና ጥቅም መድኃኒቱን ቀስ አድርጎ መልቀቁ ነው። በእጅም ቢሆን በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ እየገፉ መውጋት ይቻላል፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ደግሞ የሚመጣው ፈተና መጨመር ነው። እዚህ ላይ ክብደት ሕይወት ነው። 2 በመቶ ሊዶኬይን የያዘ 1.8 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ውስጥ 36 ሚሊ ግራም አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች አካዳሚ የሚያስቀምጠው ጣሪያ በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም ነው። ለ15 ኪሎ ልጅ 66 ሚሊ ግራም ይመጣል፤ ሁለት ሙሉ ብልቃጥ 72 ስለሆነ ጣሪያውን አለፈ ማለት ነው። ካለፈ አንጎልንና ልብን ሊመርዝ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ለአዋቂ ምንም የማይመስለው ሁለተኛ ብልቃጥ ለእሷ አደጋ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በፊት ክፍሉ ውስጥ መኖር ያለበት ሚዛን ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ማደንዘዣ ዓይነቶች ነው። በእኛ አገር ግን አንድ ንጽጽር ቀርቷል፦ ማደንዘዣና ምንም። ግግ ማስወጣትን ሰምታችሁ ይሆናል። ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስመልሰው፣ ድዱ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው የክራንቻ ጥርስ እብጠት «ግግ ነው» ይባልና ያለ ምንም ማደንዘዣ በስለት ይወጣል። የሚወጣው ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ቡቃያም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ወደ እስራኤል በሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆች አፍ ውስጥ ያንኑ ጠባሳ አግኝቷል፦ የጎደሉ የወተት ክራንቻዎችና የተበላሹ ቋሚ ጥርሶች። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በሕፃናት ላይ ጉዳት የሚያደርስ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊትን ይቀጣል።

«ሕፃን ምን ያውቃል፣ ይረሳዋል» የሚባለውን የገጠር አላዋቂነት አድርጋችሁ እንዳትስቁበት። የሠለጠነው ሕክምናም እስከ 1980ዎቹ ድረስ ጨቅላ ሕፃናትን በጣም በትንሽ ማደንዘዣ ይቀድ ነበር፤ ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ ጉዳቱን በ1987 በላንሴት መጽሔት እስኪያሳዩ ድረስ ብዙ ሐኪም ልማዱን አልጠየቀም። አሥር ዓመት ቆይቶ አና ታዲዮና ባልደረቦቿ ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ወንዶች ልጆች ከወራት በኋላ ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት የበለጠ እንደሚያለቅሱ አሳዩ። ልጁ አያስታውሰውም፤ ሰውነቱ ግን መዝግቦታል። የጥርስ ማደንዘዣ ተመራማሪዎች ይህን ታሪክ «የልማድ ጉዳይ ነው» ብለው ለሌላ ክፍል ባይተዉት ደስ ይለኛል፤ አንድ ድድ፣ አንድ ልጅ ነው።

ወደፊት ከእናንተ አንዳችሁ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ጥናት ብትሠሩ፣ ያበጠባቸውን ልጆች አስገቡና ለብቻቸው ቁጠሯቸው። እዚያ ያለውን ተራ ሊዶኬይን ተጠቀሙ። ከመንቀል በፊት ደንዝዞ እንደሆነ ተፈትኖ እንደሆነ መዝግቡ። በማግስቱም ለእናትየው ስልክ ደውሉ፤ አንድ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከብሎክ በኋላ 13 በመቶ የሚሆኑ ልጆች፣ ከ4 ዓመት በታች ካሉት ደግሞ 18 በመቶው፣ የደነዘዘ ከንፈራቸውን ወይም ጉንጫቸውን ነክሰው እንደነበር አግኝቷል። ከሩቅ የመጣች ልጅ መኪና ላይ ከመውጣቷ በፊት መራቧ አይቀርም። ወረታ መናኸሪያ ላይ የሚሰጣት እንጀራ ከከንፈሯ ጋር እንዳይታኘክ፣ ስሜቱ እስኪመለስ ሁለት ሦስት ሰዓት መጠበቅ እንዳለባት ከክፍሉ ሳትወጣ ለእናቷ የነገራት ሰው ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ።