ዋዛና ድጎማ፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የወጣቶችን የጥበብ ሥራ ስለ መርዳት

ለጥበብ የሚሰጥ ገንዘብ ከጥበቡ ውጭ የቆመ ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ሐያሲው ዜማውን፣ ሥዕሉን ወይም ተውኔቱን ይመረምራል እንጂ ወጪውን የቻለው ማን እንደ ሆነ፣ ምን ያህል እንደ ሰጠና በምን ውል እንደ ሰጠ መጠየቅ የሒሳብ ሹም ሥራ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ገንዘቡ የሚሰጥበት ሥርዓት በሥራው መልክ ውስጥ ሳይገባ አይቀርም። ሥራው ስንት ደቂቃ እንዲፈጅ፣ ስንት ሰው እንዲሳተፍበት፣ በየትኛው ቋንቋ እንዲቀርብና በየትኛው ወራት እንዲሠራ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ከሠሪው ይልቅ ከፋዩ ነው። ወጣቶች ራሳቸው ለሚመሩት የጥበብ ሥራ የሚሰጠውን አነስተኛ ድጎማ በዚህ ዐይን መመልከት ተገቢ ስለ ሆነ፣ በአሶሳና በአካባቢዋ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ የሚነፋውን ዋዛ ለነገሩ ማስረጃ እንዲሆን መርጠናል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «ዋዛ» የሚለው ቃል ቀልድንና ፌዝን ያስታውሰዋል። የበርታው ዋዛ ግን ከዚያ ጋር ዝምድና የለውም፤ ከቅል የሚሠራ መለከት ነው። የተቆረጡ የቅል ክፍሎች አንዱ ካንዱ እየተጋጠሙ ይያያዙና በአፉ በኩል ጠባብ፣ በጫፉ በኩል ሰፊ የሆነ መለከት ይወጣቸዋል። አጭሩ በአንድ እጅ በቀላሉ የሚያዝ ሲሆን ረጅሙ ወደ ሰው ቁመት ይጠጋል። ቁም ነገሩ ግን ርዝመቱ አይደለም። እያንዳንዱ መለከት በመሠረቱ የሚያሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዐሥር ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጡ ነፊዎች በአንድነት ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ተራቸው ሲደርስ ያንኑ አንድ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከነዚያ ተራ በተራ ከሚመጡት ድምፆች መጋጠም ዜማው ይወለዳል። ስለዚህ ከነፊዎቹ መካከል ዜማውን ለብቻዬ እችለዋለሁ የሚል ሊኖር አይችልም። ዜማው ያለው በአንዳቸው አፍ ሳይሆን በመካከላቸው ነው። አንዱ ቢቀር የሚጎድለው የአንድ ሰው ድርሻ ብቻ አይደለም፤ ዜማው ራሱ ይቀደዳል።

ከዚህ አሠራር ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ዋዛ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚታይ ኮከብ ተጫዋች የለውም። ሁለተኛ፣ ልምምዱ የሁሉንም መገኘት ይጠይቃል፤ ከዐሥሩ ወጣቶች ሁለቱ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ወይም ለወርቅ ቁፋሮ ወደ ወንዝ ቢሄዱ ስምንቱ ይቆማሉ። ሦስተኛ፣ ዋዛ ከአዝመራና ከመከር ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ የራሱ ወራት አለው፤ በማናቸውም ቀን በትእዛዝ የሚነፋ አይደለም። መለከቱም ቢሆን ቅሉ ተዘርቶ፣ አድጎና ደርቆ የሚገኝ ነው። ቅሉን የሚያጋጥምና ድምፁን ከድምፅ የሚያስማማ አዋቂ ሰው ደግሞ ከቅሉ ይልቅ ብዙ ዘመን ይፈልጋል።

እነዚህን ነገሮች በልብ ይዘን የበዓሉን መድረክ እንመልከት። ዘጠነኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. በአሶሳ ተከብሯል። እንዲህ ያሉት በዓላት ለየአገሩ ባህል የሰጡትን ክብር መካድ ከእውነት መራቅ ነው፤ አሶሳን ረግጦ የማያውቅ ሰው የዋዛን መልክ ለማየት የበቃው ከነዚህ መድረኮች በሚተላለፈው ሥዕል አማካይነት ነው። ሆኖም የበዓል ገንዘብ ለዕለቱ የተመደበ ገንዘብ ነው፤ ለልብስ፣ ለመጓጓዣና ለውሎ አበል ይውላል፤ በማግሥቱ ያልቃል። የመድረኩም ጊዜ በደቂቃ የተቈጠረ ስለ ሆነ፣ እየተደጋገመና እየተደራረበ የሚገነባው ዜማ ገና ሳይሟሟቅ ይቆማል። ተመልካቹ የመለከቱን ርዝመትና የልብሱን ቀለም ያያል፤ የድምፆቹን መጋጠም ለመከተል ግን ጆሮው ፋታ አያገኝም። በዚህ ሁኔታ ዋዛ በመድረኩ ላይ ጌጥ ይሆናል እንጂ ዜማ አይሆንም። ጉድለቱም የነፊዎቹ ሳይሆን ለአንድ ቀን ብቻ የሚከፍለው ውል ነው።

የዚህ ነገር ክብደት የበለጠ የሚታወቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በኩል ሲታይ ነው። ግድቡ በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ይገኛል። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ቁመቱ 145 ሜትር ነው፤ ከኋላው የተኛው፣ ንጋት የሚል ስም የተሰጠው ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ለዚህ ሥራ ሠራተኛው ከደመወዙ ከፍሎ ቦንድ ገዝቷል፤ ባለ ስልኩም ወደ 8100 መልእክት እየላከ አቅሙ የፈቀደውን ጨምሯል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው አነጋገር በዚያ ሸለቆ ውስጥ ግንብ ሆኖ ቆሟል። እንግዲህ ጥቂት በጥቂት የተሰጠ ገንዘብ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለኢትዮጵያ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ነገር ግን በነዚያ 14 ዓመታት ስለ ግድቡና ስለ ወንዙ የተዘፈነውን ለሚመረምር ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። በሰፊው የተሰሙት ዘፈኖች የአዲስ አበባ የሙዚቃ ክፍሎች ሥራ ናቸው። ግድቡ በቆመበት ምድር የሚኖሩት ጉሙዞችና ከወንዙ በስተ ደቡብ ያሉት በርታዎች በነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ቢገኙ እንኳ የሚነገርላቸው ናቸው እንጂ የሚናገሩ አይደሉም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ስለ መብራትና ስለ መስኖ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ በጥበብም በኩል ያው ነው። ዛሬ ውኃው በተኛበት ስፍራ መንደሮች ነበሩ፤ ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውረዋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም በመተከል የደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ገድሏል፤ ብዙ ሰውም ከቀዬው አፈናቅሏል። የመንደሩ ስም፣ በወንዙ ዳር ይዘፈን የነበረው ዘፈን፣ ልጅ ሲወለድና ሽማግሌ ሲሞት ይባል የነበረው ቃል ያለው በነዚያ ሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው። ይህን በዘፈን፣ በተውኔት፣ በሥዕል ወይም በድምፅ ቅጂ የሚያስቀር ከዚያው የተወለደ ወጣት ካልተገኘ፣ በአዲስ አበባ የተቀመጠ ደራሲ ሊጽፈው አይችልም፤ ሌላ ሃያ ዓመት ደግሞ አይጠብቅም።

ታዲያ ይህ ወጣት ወዴት ይሂድ? በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በዐዋጅ ተቋቁሟል። ዓላማው መልካም ነው፤ ነገር ግን ስሙ እንደሚያመለክተው ተዘዋዋሪ ነው፤ የተበደረ ይመልሳል። ዶሮ ለሚያረባ ወይም ብሎኬት ለሚያመርት ማኅበር ይህ የሚስማማ ውል ነው። የመንደሩን ዘፈን ለሚሰበስብ ቡድን ግን ብድር መስጠት ዘፈኑን እንዲሸጥ ማስገደድ ነው፤ የሚሸጠውም ገበያው የሚፈልገው ክፍል ብቻ ይሆናል። በሌላ በኩል ሽልማት አለ። ሽልማት ለተፈጸመ ሥራ የሚሰጥ ክብር እንጂ ለሚጀመር ሥራ የሚሆን ስንቅ አይደለም፤ ደግሞም አንድ አሸናፊ ይፈልጋል። ከዐሥሩ የዋዛ ነፊዎች ተሸላሚው ማንኛው ይሁን? ድጎማ ከብድርም ከሽልማትም የሚለየው በዚህ ነው። ከሥራው አስቀድሞ ይመጣል፤ ለማኅበር ሊሰጥ ይችላል፤ የሚመለሰውም ገንዘቡ ሳይሆን ሥራው ነው።

የእንዲህ ያለውን እርዳታ ፍሬ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ያቋቋሙት ተማሪዎች፣ በቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ በስታኒስላው ኾይናትስኪ አበረታችነት፣ ስለ ተወለዱበት አገር ልማድ ራሳቸው ጽፈዋል፤ ዕቃም ሰብስበዋል። ከ1953 ጀምሮ መጽሔታቸው ታትሟል፤ የሰበሰቡትም ዕቃ በ1963 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም መነሻ ሆኗል። ተማሪዎቹ የቀረበላቸው ነገር ብዙ ሀብት አልነበረም፤ አንድ ክፍል፣ የኅትመት ወጪና የሚሰማቸው መምህር ነበር። ያንን ያገኙት ግን ሥራው የራሳቸው እንደ ሆነ ተቈጥሮ ነው።

በዚያው በ1963 በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ስትቋቋም፣ ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ የክራር፣ የማሲንቆ፣ የዋሽንት፣ የበገናና የእምቢልታ ተጫዋቾችን በአንድነት አሰለፈ። በኋላም ተስፋዬ ለማ መርቷታል። በ1969 «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም በአሜሪካ ተዘዋውራ አሳይታለች። በልመናና በአዝማሪነት ይናቅ የነበረውን መሣሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ማስገባቷ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም ስሟ የዓባይ ሲሆን የመሣሪያዋ መሠረት የደጋው ነበር። እርዳታው በዋና ከተማ ተሰጠ፤ ጥበቡም ወደ ዋና ከተማ መጥቶ የአዳራሹን መልክ ያዘ። ይህ ነቀፌታ አይደለም፤ ገንዘቡ የተቀመጠበት ስፍራ በጆሮ እንደሚሰማ የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

ከአፍሪካም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ1961 በናይጄሪያ በኢባዳን ከተማ የተቋቋመው የምባሪ ክለብ በመጠነኛ ገንዘብ የወሌ ሾይንካን፣ የክሪስቶፈር ኦኪግቦንና የጆን ፔፐር ክላርክን ቀደምት ሥራዎች አሳትሟል፤ ሁሉም በዚያን ጊዜ ወጣቶች ነበሩ። ነገር ግን ክለቡን ይረዳ የነበረው የባህል ነጻነት ጉባኤ የተባለው ማኅበር ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ገንዘብ ይቀበል እንደ ነበር በ1966ና በ1967 ተገለጸ። ደራስያኑ አልተበላሹም፤ ሥራቸውም ቆሟል፤ ሳያውቁ መረዳታቸው ግን በስማቸው ላይ ጥያቄ አመጣ። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ታላቅ ደራሲ ሊያወጣ እንደሚችል ከዚህ ስንማር፣ ተቀባዩ የሰጪውን ማንነት ማወቅ እንዳለበትም እንማራለን።

ሁለት ተቃውሞዎች መነሣታቸው አይቀርም። የመጀመሪያው፣ መንገድና ጤና ጣቢያ በጎደለበት፣ ተፈናቃይ ባለበት አገር ለቅል መለከት ገንዘብ መስጠት ቅንጦት ነው የሚል ነው። መልሱ፣ ጥያቄው ስለ ትልቅ ገንዘብ አለመሆኑ ነው። ለአንድ የዋዛ ቡድን የሚያስፈልገው ለመለከት ሠሪው አዋቂ የድካም ዋጋ፣ በልምምዱ ቀን ለቀረው የቀን ሥራ ምትክና ለአንድ የድምፅ መቅጃ የሚሆን ነው፤ ይህ መንገድ ከሚሠራበት በጀት ጋር የሚሻማ አይደለም። ደግሞም ከቀዬው ለተፈናቀለ ወጣት ከዐሥር ሰው ጋር ቆሞ የራሱን አንድ ድምፅ በጊዜው መስጠት ከዳቦ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር እንጂ ከሁሉ በኋላ የሚቀር አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበረታ ነው። ድጎማ የሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ለድጎማ የተሰፋ ሥራ ይበዛል ይላል። ይህ እውነት ነው። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ወይም በቢሮ አማርኛ የሚጠየቅ ከሆነ አሸናፊው የተሻለው ዜመኛ ሳይሆን የተሻለው ጸሓፊ ይሆናል፤ ሪፖርቱም የተሰብሳቢ ቁጥርና ደረሰኝ ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ቡድኑ ዜማውን ትቶ ስብሰባ ያበዛል። የዚህ መድኀኒት ግን ድጎማውን መተው ሳይሆን ውሉን ከጥበቡ መልክ ጋር ማስማማት ነው።

ማስማማቱም የሚከብድ አይደለም። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመላው ቡድን ይሰጥ፤ መሪዎቹም ራሳቸው ወጣቶቹ ይሁኑ። ዘመኑ የበጀት ዓመት ሳይሆን ቅሉ ከሚዘራበት እስከ መከሩ ያለው ወራት ይሁን። ማመልከቻው በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሽናሻ፣ በማኦ ወይም በኮሞ ቋንቋ በቃል ቀርቦ ይቀዳ። ከመራጮቹ መካከል መለከት የሚሠሩና ዜማ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ሴቶች ይቀመጡ፤ ሹማምንት ገንዘቡን ይጠብቁ እንጂ ዜማውን አይምረጡ። ብሪታንያ በ1946 የጥበባት ምክር ቤቷን ስታቋቁም የያዘችው መርሕ ከዚህ የራቀ አይደለም። የተቀዳው ድምፅ አንዱ ቅጂ በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው በቡድኑ እጅ ይቀመጥ፤ ያለ ቡድኑ ፈቃድም አይሸጥ። የሪፖርቱም ዋና ክፍል ሰጪዎቹ ራሳቸው ወደ መንደሩ ሄደው ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስማታቸው ይሁን።

ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። እኛ ዛሬ ዓባይን አይተናል፤ ቆሞም አይተነዋል። ከዚያ ታላቅነት አጠገብ የዐሥር ወጣቶች መለከት ትንሽ መስሎ ቢታይ አይደንቅም። ነገር ግን ወንዙ የተሠራው ከምንጮች ስለ ሆነ፣ ተረቱ ምንጭን እንድንንቅ ፈቃድ አይሰጠንም። ግድቡን የሠራ ሕዝብ ጥቂት ገንዘብን ወደ ላይ መሰብሰብ ያውቃል፤ ጥቂት ገንዘብን ወደ ታች፣ ወደ ጉባና ወደ አሶሳ ወጣቶች፣ በትክክለኛው ወራትና በትክክለኛው ውል መላክን ግን ገና መማር አለበት። የሚመጣው መከር ሲደርስ ነፊዎቹ ሁሉ ተገኝተው ዜማውን ሳይቋረጥ ቢፈጽሙት፣ ሒሱም ያን ጊዜ ስለ ገንዘቡ መናገሩን ትቶ ስለ ዜማው ብቻ ይናገራል።