አዛኑን ማን አስጠጋት?

የአማርኛ ፊልም የሚከታተል ሰው እናቲቱን ገና ብቅ ስትል ያውቃታል። ታማ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ወይም ደጅ ቆማ የሄደ ልጇን ትጠብቃለች፤ አለዚያም በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። መድኃኒት መግዣ ሲታጣላት ልጇ ይሰርቃል፤ ስትሞት ልጇ ይበቀላል፤ ስትመርቅ ልጇ ይከብራል። እሷ ራሷስ ምን ፈለገች? ምን ወሰነች? ምንስ አጠፋች? ይህን የሚጠይቅ ደራሲ እምብዛም አያጋጥመኝም። በፊልሞቻችን ውስጥ እናት ብዙውን ጊዜ ለልጇ ታሪክ ምክንያት ሆና ትመጣለች እንጂ የራሷ ታሪክ የላትም።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀረበውና የመጀመሪያው የአገራችን ባለሙሉ ርዝመት ልብ ወለድ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ገና በርዕሱ የሚጠይቀው አባትን ነው። እናትማ የታወቀች ናት፤ ምን ይጠየቃል? ዳሩ ግን የታወቀ የመሰለንን ነገር መልሶ ማስጠየቅ የጥበብ ሥራ ነው። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ደጋግሜ የማየውም ስለዚህ ነው።

«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን አገኘ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። ለእኛ ለፔዳ ሰዎች ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው፤ ታሪኩ የሚመላለስበት ውኃ በየማለዳው የምናየው ጣና ነውና። ስለ ፊልሙ ሲጻፍ በብዛት የሚነሣው የአብዮቱና ከጀርመን የተመለሰው ምሁር የአንበርብር ጉዳይ ነው። ተገቢ ነው። እኔን የያዘኝ ግን የእናቱ ቤት ነው።

እናቲቱ አሮጊት ናት። ለዓመታት የናፈቀችው ልጇ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ሌሊት በቅዠት እየባነነ ተመልሶላታል። በዚያው ቤት ውስጥ ደግሞ አዛኑ የምትባል ሴት ተጠግታ ትኖራለች። ሕፃኗን በገዛ እጇ አጠፋች ተብላ መንደሩ ያገለላት ናት። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልጅ በመናፈቅ ዕድሜዋን የጨረሰች እናት፣ ልጇን ያጠፋችውን ሴት ከቤቷ አስገብታ እንጀራዋን ታካፍላለች። የመንደሩን ፊት መጥቆር ችላ የወሰነችው ውሳኔ ነው። ስለዚህም እናትነት በዚህ ቤት ከእንባ አልፎ ፍርድ ሆኗል፤ ያውም መንደሩ ከፈረደው የተለየ ፍርድ።

አንድ ጊዜ ፊልሙን ከተማሪዎች ጋር አይቼው ክርክር ተነሣ። አንዱ ተማሪ «ልጇን የገደለች እናት ልትባል አይገባትም» አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «እሷ እዚያ እስክትደርስ መንደሩ የት ነበር?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አላገኘችም።

ኃይሌ ይህንኑ ጥያቄ ቀደም ብሎ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በሠራው «ቡሽ ማማ» አንሥቶት ነበር። በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሠፈር የምትኖረው ዶሮቲ ባሏ ታስሯል፤ ሴት ልጅ ታሳድጋለች፤ ሌላም ጸንሳለች። የድጎማ መሥሪያ ቤቱ ጽንሱን እንድታስወርድ ይገፋፋታል። እዚያ ፈራጁ መሥሪያ ቤት ነው፤ እዚህ መንደር። በሁለቱም ዘንድ ግን በማኅፀኗ ላይ የሚያዘው ሸክሟን አያግዛትም።

ሆኖም «ጤዛ»ንም የምወቅስበት አለ። በመጨረሻ አዛኑ ከአንበርብር ትወልዳለች፤ ሕፃኑም የተስፋ ምልክት ሆኖ ይቀርብልናል። ትዕይንቱ ያምራል፤ እኔን ግን አላጠገበኝም። የሴት በደል የሚሠረየው እንደገና በመውለድ ብቻ ነውን? አዛኑ ባትጸንስስ ኖሮ ፊልሙ ይፈታት ነበር? እናቲቱ ስታስጠጋት ውለጂና ካሺኝ አላለቻትም። እንዳለች ተቀበለቻት። ደራሲው ግን ካሣውን ከማኅፀኗ ፈለገ። በዚህ ረገድ እናቲቱ ከደራሲዋ የበለጠች ሆና ታየችኝ።

ነገሩ የፊልም ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር። እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ የሐምሊን ፌስቱላ ማእከል አለ። በአሜሪካውያን ተሠርቶ በ2007 የወጣው «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ያሳየን በእንዲህ ያለ ሕክምና ደጅ የሚደርሱ የአገራችንን ሴቶች ነው። ምጡ ለቀናት ይጠናባቸዋል፤ በአቅራቢያቸው ሐኪም የለም፤ ሕፃኑ ይሞታል። ሽንታቸውን መቆጣጠር ስለሚያቅታቸው ባል ይፈታቸዋል፤ ጎረቤት ይሸሻቸዋል። እነዚህ ምንም ያላጠፉ አዛኑዎች ናቸው። እኔ ባየኋቸው የአማርኛ ልብ ወለድ ፊልሞች ግን ወሊድ ማለት የተዘጋ በር፣ አንድ ጩኸት፣ ከዚያም እልልታ ነው። ከእልልታው በኋላ የእናቲቱ አካል ምን እንደ ሆነ፣ እልልታው ያልተሰማላትም ሴት የት እንደ ገባች ካሜራው ዞሮ አያይም።

የውጭ አገር ሰዎች ይህን ለማየት ከባሕር ማዶ መጡ። የእኛ ደራሲያን ታሪኩ ደጃቸው ላይ ነው። የምጠይቃቸውም ብዙ አይደለም። እናቲቱን ከማስለቀሳቸው በፊት ልጇ ከመወለዱ አስቀድሞ ማን እንደ ነበረች፣ ስትሳሳት ማን ከቤቱ እንዳስገባት ይጻፉልን። የታመመች እናትማ አይተናል፤ እስክንሰለች አይተናል።