አሥራ ሁለት ልጆችና አንድ ረጅም ደብዳቤ

ስለ አፍሪካ ሙስሊም ቤተሰብ ሲወራ የሴኔጋላዊቷ ደራሲ የማሪያማ ባ ልብ ወለድ ሳይጠቀስ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1979 በፈረንሳይኛ የታተመው ይህ መጽሐፍ ርእሱ «ይህን ያህል ረጅም ደብዳቤ» እንደማለት ነው። በ1980 የመጀመሪያውን የኖማ ሽልማት አግኝቷል፤ ደራሲዋ በዓመቱ ዐረፈች።

ብዙዎች መጽሐፉን የሚያነቡት ከአንድ በላይ ማግባትን እንደሚከስ ጽሑፍ ነው። አንቺ እናት፣ አንተም አባት ግን በሌላ ዓይን ብታነቡት ይሻላል፤ ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ይናገራልና።

ተራኪዋ ራማቱላይ መምህርትና የአሥራ ሁለት ልጆች እናት ናት። ባሏ ሞቶ ዒዳ ላይ ሳለች ለጓደኛዋ ለአይሳቱ ትጽፋለች። ባልየው ሞዱ የገዛ ልጁን የትምህርት ቤት ጓደኛ አግብቶ የመጀመሪያ ቤቱን ጥሎ ከሄደ ዓመታት አልፈውት ነበር።

ልብ በሉ! ሸሪዓ ሌላ ሚስት ሲፈቅድ ፍትሕን ግዴታ አድርጎ ነው፤ የልጆች ቀለብም ከአባት ጫንቃ አይወርድም። ሞዱ ፈቃዱን ይዞ ግዴታውን ጣለ። ይባስ ብሎ በብድር ገንዘብ የአዲሷን ሙሽራ ወላጆች መካ ላካቸው! የልጆቹን ሐቅ ለረሳ ሰው ይህ ምን ዓይነት ኸይር ሥራ ነው?

ልጆቹስ? ድሮ አጎት፣ አክስትና ጎረቤት ይጋሩት የነበረው ጥበቃ በእናቲቱ ሁለት ዓይኖች ላይ ብቻ ቀረ። ሦስት ሴት ልጆቿን ሲጋራ ሲያጨሱ ደረሰችባቸው። መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱትን ወንዶች ልጆቿን ሞተር ብስክሌት ገጫቸው። አንዷ ልጇ ሳታገባ አረገዘች። ደራሲዋ ስለ ኃጢአቱ ብዙም ሳትል ማለፏ ቅር ያሰኛል፤ እናትየው ልጇን ከቤት አለማባረሯ ግን ትክክል ነው።

ይሁንና የዘመድ ብዛት ብቻውን መድኃኒት አይደለም። የአይሳቱ አማት የወንድሟን ልጅ ከገጠር አምጥታ ታሳድጋለች። ቤት አያያዝ ታሠለጥናታለች፣ በተረት ምግባር ታስተምራታለች፣ አዋላጅነት እንድትማር ታደርጋለች። ሁሉ ያማረ ይመስላል። የሴትዮዋ ሐሳብ ግን ልጅቱን ለልጇ ድራ ምራቷን መበቀል ነበር፤ ምራትየው የአንጥረኛ ልጅ በመሆኗ ተንቃለችና። (አንጥረኛን መናቅ የእኛ አገር ብቻ በሽታ የሚመስለው ካለ ይህን ያንብብ።) በእኛም ቤት አክስቱ ዘንድ የሚያድግ ልጅ ሞልቷል። አንዳንዱ እንደ ልጅ ይያዛል፣ አንዳንዱ እንደ ሠራተኛ። በመጽሐፉ ውስጥ በትጋት የታነጸችው ልጅ ይህችው ናት፤ ስለ ትዳሯ የወሰነችው ግን አክስቷ ናት።

የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት የትንንሾቹ ድምፅ እምብዛም አለመሰማቱ ነው። ከልጆቹ ሁሉ ጎላ ብላ የምትናገረው ትልቋ ዳባ ናት፤ አባቷ ከሞተ በኋላም ከእንጀራ እናቷና ከእንጀራ እናቷ እናት ጋር ተጋፍጣለች። ከእርሷ በታች ያሉት ማታ ማታ አባታቸውን በር ላይ ይጠብቁት እንደነበር፣ ወይስ ስሙን መጥራት ትተው እንደነበር ደብዳቤው አይነግረንም።