ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ

ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ጆሮውን አስጠጋ። ላፕቶፑ በርቷል፤ የዊንዶውስ ነጠብጣቦች ስክሪኑ ላይ ይሽከረከራሉ። ጠጋኙ እጁን ከኪቦርዱ በስተቀኝ፣ መዳፍ በሚያርፍበት ቦታ ላይ አኖረ። ሃርድ ዲስኩ ያለው እዚያ ሥር ነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅጠቅጠቅ ይላል። ቀጥሎ በግራ ጎን ባለው የአየር መውጫ ፊት መዳፉን ዘረጋ። የሚወጣው አየር ትንሽ ነው፤ ግን ያቃጥላል።

«ሁለት ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጋሼ» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ማሽኑ ቲንክፓድ ኤክስ 220 ነው። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስክሪኑ 12.5 ኢንች ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5፣ በ2.5 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ፣ ሲያስፈልግ እስከ 3.2 የሚወጣ። የእህቴ ቤት ኮምፒውተር ነው፤ ልጆቹ የቤት ሥራ ይሠሩበታል፣ እሷ የዕድሩ ጸሐፊ ስለሆነች ሒሳቡን ትይዝበታለች። ከተከፈተ በኋላ ለሥራ እስኪዘጋጅ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይፈጃል። ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ።

ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው ሆዱን ልብ ብዬ አየሁት። ከአንዳንዱ ብሎን አጠገብ የኪቦርድ ሥዕል ታትሟል፤ ኪቦርዱን የያዙት እነዚያ ናቸው። ኪቦርዱ ላይ ውሃ ቢፈስ ተሰብስቦ የሚወርድበት ቀዳዳም አለ። የሠሩት ሰዎች አንድ ቀን ሌላ እጅ እንደሚከፍተው አስበው ነበር። በዚህ ዘመን ክዳኑ በሙጫ የተጣበቀ ላፕቶፕ ሳይ የሚናፍቀኝ ይህ አሳቢነት ነው።

ጠጋኙ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ ክዳን አመጣ። በእስክሪቢቶ የላፕቶፑን ቅርጽ ሣለበት፤ ብሎን ባለበት ቦታ ሁሉ ካርቶኑን ወጋው። የሚፈታውን ብሎን በዚያው ቦታ ካርቶኑ ላይ ይተክለዋል። ምክንያቱን የተረዳሁት ሁለት ብሎኖች በወረንጦ ጎን ለጎን ሲያሳየኝ ነው። ጭንቅላታቸው አንድ ነው፤ እግራቸው ግን ይለያያል። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ከሥሩ ያለውን ይወጋል።

መጀመሪያ የወጣው ሃርድ ዲስኩ ነው። በቀኝ ጎን፣ ከአንዲት ጠባብ ክዳን ጀርባ ተቀምጧል። ክዳኗ ተነሳች፤ ከፕላስቲክ የተሠራችው መሳቢያ ተጎተተች፤ ዲስኩ ተንሸራቶ መጣ። ግራና ቀኙን የጎማ ሐዲድ አቅፎታል። ጎማው ንዝረትና ግጭት እንዲቀንስለት ነው። ካሊፐር ገጠመበት፦ 7 ሚሊ ሜትር። ከዚህ የወፈረ እዚህ ጉሮሮ ውስጥ አይገባም፤ ገበያው ላይ ደግሞ ባለ 9.5 ሚሊ ሜትር ዲስክም አለ። ሳይለካ የሚገዛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ዲስኩን ተቀብዬ አገላበጥኩት። በውስጡ ያለው ሰሃን በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 90 ዙር ማለት ነው። አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የሚፈለገው መረጃ ከንባብ ጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል። ክንዱ ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ ደግሞ 12 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ17 ያልፋሉ። እንግዲህ በየቦታው ከተበተኑ ትናንሽ ፋይሎች ውስጥ በአንድ ሰከንድ ሊለቀሙ የሚችሉት ከስድሳ አይበልጡም። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚጠራቸው ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። ጠቅጠቅታው የዚያ ክንድ መመላለስ ነበር። ቢሆንም ይህን ዲስክ መናቅ አልችልም። ጭንቅላቱ ከሰሃኑ በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች ናኖሜትር ይለካል። ይህን ሁሉ ዓመት ሳይነካው ዞሯል።

የሚተካው ኤስኤስዲ ክብደቱ የአሮጌውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ውስጡ የሚዞር ነገር የለም፤ የፈለገውን ቦታ ለመድረስ ከአንድ ሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛው ገደማ ይበቃዋል። መሰኪያውን ወደ መብራቱ አዘንብዬ ተመለከትኩት። ሁለት ረድፍ ወርቃማ ምላሶች አሉ፤ ለመረጃው ሰባት፣ ለኃይሉ አሥራ አምስት። በሁለቱም በኩል ፕላስቲኩ ጫፉ ላይ ታጥፏል፤ ተገልብጦ ሊገባ አይችልም። ሁሉም ምላሶች እኩል አይደሉም፤ የግራውንዱ ምላሶች ከሌሎቹ በጥቂቱ ወደ ፊት ይወጣሉ። ሲሰካ እነሱ ቀድመው እንዲነኩ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ርዝመት ቅደም ተከተል ተጽፎበታል።

አሮጌውን ዲስክ መልሶ ከተተው፤ አዲሱን በዩኤስቢ ገመድ ሰካና ቅጂውን አስጀመረ። ይህ ሞዴል ያለው ዩኤስቢ 2.0 ነው፤ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል። የሚቀዳው 140 ጊጋባይት ነበር። ከሰዓት ከሩብ በላይ ተቀመጥን። መብራት ቢጠፋ እንዳይቋረጥ ባትሪው አስቀድሞ ሞልቷል። ቡና መጣ።

ቅጂው እንዳለቀ አንድ ቁጥር ፈለገ፤ የመጀመሪያው ፓርቲሽን ከየትኛው ሴክተር እንደሚጀምር። 2048 ይላል። ራሱን ነቀነቀ። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተከፋፈለ ዲስክ ከ63 ነበር የሚጀምረው። ስምንት ሴክተር አንድ ባለ 4 ኪሎባይት ክፍል ይሞላል፤ 63 ለስምንት አይካፈልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል በኤስኤስዲው ሁለት ገጾች ድንበር ላይ ይጋልባል፤ አንዱን ለመጻፍ ሁለቱ ይነካሉ። 2048 ለስምንት ያለ ቀሪ ይካፈላል። ይህን ባያየው ማናችንም አናውቅም ነበር። እሱ ግን አየ።

አዲሱን ዲስክ በአሮጌው ቦታ ከተተው። ራሙ ቶሎ አለቀ። ከሆዱ ክዳን ሥር ሁለት ማስገቢያዎች አሉ፤ አንዱ ባዶ ነበር። ሌላኛው ላይ ያለው 4 ጊጋባይት ነው። ሲሞላ ማሽኑ የተረፈውን ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል፤ እዚያ ደግሞ ያው ክንድ ይጠብቀዋል። አዲሱን ባለ 4 ጊጋባይት ከጠርዙ ይዞ፣ አዘንብሎ፣ 204 ነጥቦቹ እስኪሰወሩ ገፋው። ከዚያ ወደ ታች ተጫነው። ሁለቱ የብረት ክንዶች በአንድ ጊዜ ቀጭ አሉ። አሁን መንገዱ ሁለት ሆኗል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም እኩል ይቀዳል።

ሁለተኛው ቦታ ብዙ ትዕግሥት ጠየቀ። ኪቦርዱን ወደ ስክሪኑ ገፋ አድርጎ ከፊት አነሳው፤ እየፈታ እስከ ፋኑ ዘለቀ። በፋኑና በቀጫጭኖቹ የብረት ክንፎች መካከል ከባና የተቀደደ የመሰለ ግራጫ ነገር ተጋድሟል። አቧራ ነው፤ ተደራርቦ ጨርቅ ሆኗል። ከውጭ አይታይም። በወረንጦ ሳይበጣጠስ አንድ ላይ አወጣው። የቀረውን በብሎወር ሲነፋ የፋኑን ምላጭ በጣቱ ያዘ፤ በሚነፋው አየር ከልኩ በላይ እንዳይሽከረከር።

ከፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቴርማል ፔስት እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የዚህ ፔስት ሥራ ትንሽ ይመስላል። ሲሊከኑና መዳቡ ሲዳሰሱ ልስልስ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ዓይን የማያየው ክፍተት አለ፤ አየር ደግሞ ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም። ፔስቱ አየሩን ያስወጣል። ጥጥ በአልኮል እያራሰ ከዳር ወደ መሃል ጠረገ፤ ሦስተኛው ጥጥ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ አዲሱን የምስር ቅንጣት አሳክሎ አንድ ቦታ ጣለ። አልቀባውም፤ ከላይ የሚጠብቀው መዳብ ጫና ራሱ ይዘረጋዋል። ብሎኖቹን ያጠበቃቸው በማቋረጥ ነው፤ አንዱን ትንሽ፣ ትይዩውን ትንሽ፣ ከዚያ ተመልሶ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ቢሄድ ሰሌዳው ያዘነብልና ፔስቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል።

ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከመከፈቱ በፊት ቪዲዮ እያጫወተ 96 ደርሶ ነበር። ከተገጠመ በኋላ በዚያው ቪዲዮ 74 ላይ ቆመ።

ከማሽኑ ውስጥ የሰረዘው ነገር ጥቂት ነው። ማሽኑ ሲነሳ አብረው ከሚነሱት አሥራ አንድ ፕሮግራሞች ሰባቱን አስቆመ፤ እያንዳንዱን ምን እንደሚሠራ ሳያይ አልነካም። የአማርኛ መጻፊያውን ተወው። «ኮምፒውተር ያፈጥናሉ» የሚባሉትን ፕሮግራሞች አይጭንም፤ በዚህ እስማማለሁ፤ እነሱም ተነስተው ቦታ ይይዛሉ። ከኤስኤስዲው አንድ አምስተኛው ባዶ እንዲቆይ ነገረኝ፤ የተሰረዘውን አጽድቶ ለአዲስ ጽሑፍ የሚያዘጋጅበት ቦታ ስለሚያስፈልገው ነው። ዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ በዚሁ ማሽን ላይ ሊኑክስ ሚንት በደህና እንደሚሠራ አስታወሰኝ። እህቴ ትወስን ብዬ ተውኩት።

ሲበራ ሰዓቴን ያዝኩ። ሃያ አራት ሰከንድ። መዳፌን በቀኝ በኩል አኖርኩ፤ ምንም አይሰማም።

ካርቶኑ ላይ የቀረ ብሎን የለም፤ ቀዳዳዎቹ ብቻ ናቸው። አሮጌውን ዲስክ በፕላስቲክ ጠቀለለና ፕላስተር ለጠፈበት፤ ቀኑን ጻፈበት። «ለአንድ ወር አይሰረዝ፣ ጋሼ» አለኝ። «ፎቶ ቢጎድል እዚህ አለ።»