ሳቅ የሸፈነው ገደል

የሸርሎክ ሆምስን ታሪክ የደረሰው ስኮትላንዳዊ ሐኪም አርተር ኮናን ዶይል፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር፥ ስትራንድ በተባለው የሎንዶን መጽሔት አንድ አጭር የጕዞ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ነገሩም በዚያው ዓመት ማርች 23 ቀን ቶቢያስና ዮሐን ብራንገር ከሚባሉ ኹለት ወንድማማች ጋራ፥ በስዊስ አገር ከዳቮስ ተነሥቶ፥ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የማየንፌልደር ፉርካን በር በስኪ ተሻግሮ አሮዛ መውረዱ ነው። ስኪ ማለት ከጫማ ሥር የሚታሰር፥ ጫፉ ወደ ላይ የተቈለመመ፥ ረጅምና ጠባብ የበረዶ ሳንቃ ነው።

ጽሑፉ በአንባቢ ዘንድ የሚወደደው ስለ ሳቁ ነው። ደራሲው መውደቁን አይሸሽግም፤ ሳንቃዎቹንም ተንኰል እንዳለው ፍጥረት አድርጎ ይሥላቸዋል። በአንድ ቁልቍለት ላይ ሳንቃዎቹን አጋጥሞ ሊቀመጥባቸው ሲል አምልጠውት ቢሄዱ፥ በሱሪው መቀመጫ ተንሸራትቶ ወረደ፤ ይህ ጨርቅ አያልቅም ያለውንም ልብስ ሰፊ፥ ቃልህ በፈተና አልጸናም ይለዋል። ቀልዱ በልኩ ነው፤ ዛሬም ያስቃል።

ነገር ግን በቅኔ እንደሚታወቀው፥ ሰሙ ሲበዛ ወርቁን ይውጠዋል። ተጓዦቹ እጅግ ቀጥ ባለ የበረዶ ተዳፋት ጐን ሲያልፉ ከበታቻቸው ገደል ነበረ። በዚያ ስፍራ ኹለቱ ወንድማማች ከእርሱ በታች፥ በገደሉ በኩል ኾነው ሄዱ። ደራሲው ይህን በጥቂት ቃል ተናግሮ ያልፈዋል። ለሱሪ ማለቅ ቃል ያልሰሰተ ብዕር፥ ሰው በወዳጁና በሞት መካከል ሲቆም ለምን ቸኰለ? በእግራቸው ሥር በረዶው እንዴት እንደ ያዘ፥ ማን ፊት ማን ኋላ እንደ ኾነ፥ በልባቸው ምን እንደ ነበረ፥ አንባቢ ይህን ቢያገኝ ጽሑፉ ከቀልድ አልፎ ይሄድ ነበር።

ሳቁ የበዛው ያለ ምክንያት አይመስልም። ዶይልን ወደ ዳቮስ ያመጣው ጨዋታ አልነበረም፤ ሚስቱን ሉዊዛን የሳንባ ነቀርሳ እንደ ያዛት በ1893 ዓ.ም. ስለ ታወቀ፥ የተራራው አየር ይበጃታል ተብሎ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ይህ ሐዘን አልተጠራም። ይህ ዝምታ ግን ከገደሉ ዝምታ ይለያል። የሚስት ሕመም አደባባይ የማይወጣ የቤት ነገር ነው፤ የወንድማማቹ ሥራ ግን ለእነርሱ የሚገባ ምስጋና ነበር። አንዱ ጨዋነት፥ ሌላው ጕድለት ይባላል።

ዶይልን ለስዊስ አገር ስኪን ያስተማረ የሚያደርጉት ሰዎች አሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ወንድማማቹ ያንኑ በር በ1893 ዓ.ም. ቀድመው ተሻግረውታል። ለስኪ ወራት ብዙ መቶ እንግሊዞች ወደዚያ ይመጣሉ ብሎ የተነበየው ግን ደርሷል፤ አልፎበታልም።

ዶይል በ1924 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፥ አሮዛ ደርሰው በሆቴሉ መዝገብ ሲፈርሙ፥ ቶቢያስ የእንግዳውን ሥራ በሚጠይቀው ቦታ ስፖርተኛ ብሎ ሞላለት። ሐኪም አላለውም፥ ደራሲም አላለውም። የቶቢያስ ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማው በዚህች አንዲት ቃል ነው።