ንጉሡ ፋሲካ፣ ንግሥቲቱ ሆሳዕና፦ ሁለት ቀን በዊትቢ

ይህን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዊትቢን አየኋት! በሰሜን ዮርክሸር፣ ኤስክ የሚባለው ወንዝ ከሰሜን ባሕር ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ፣ በሁለት ገደል መካከል የተቀመጠች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። እንግሊዝ አገር ስትኖሩ ቅዳሜና እሁድን የት እናሳልፍ ብላችሁ የምትጨነቁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ስሙኝ።

በመንገዱ ልጀምር፣ መንገዱ ራሱ ዕረፍት ነውና። ከሊድስ የሚነሳው 840 ቁጥር አውቶቡስ በዮርክ፣ በሞልተንና በፒከሪንግ አልፎ ደጋውን ሜዳ ያቋርጣል። በ2018 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው) በእይታው ውበት ከብሪታንያ የአውቶቡስ መስመሮች አንደኛ ተብሎ ተመርጧል። ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይፍጅ! ፎቁ ላይ ውጡና የፊቱን ወንበር ያዙ። በኦገስት ሜዳው በሙሉ ሄዘር በሚባል ቁጥቋጦ አበባ ሐምራዊ ይለብሳል። አደይ ያለበሰውን ጋራ መስከረም ላይ ያየ ሰው ያንን ስሜት ያውቀዋል፣ ቀለሙ ብቻ ነው የተለየው። ባቡር የሚመርጥ ከሚድልስብራ ተነስቶ የኤስክን ሸለቆ ተከትሎ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይጓዛል፤ በቀን የሚመላለሰው ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሰዓቱን ቀድማችሁ እዩ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ወደ ምሥራቁ ገደል ውጡ። 199 የድንጋይ ደረጃ አለ። በየመሐሉ ሰፋ ያለ ማረፊያ ታገኛላችሁ፤ ድሮ አስከሬን ተሸክመው ወደ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ሰዎች ሳጥኑን አሳርፈው ትንፋሽ ይሰበስቡበት ነበር። እኔም እዚያው ቆሜ ዞር ስል ቀይ የጣሪያ ክዳን ከታች ተደራርቦ፣ ወንዙ በመካከሉ፣ ጀልባዎቹ ከወደቡ እየወጡ፣ የባሕር ወፎቹ ከእኔ በታች ሲበርሩ አየሁ። ወፍን ከላይ ሆኖ ማየት! ጫፉ ላይ ደግሞ ጣሪያ የሌለው ገዳም ቆሟል። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1539 ዘጋው፣ በ1914 የጀርመን የጦር መርከቦች ደበደቡት፤ ነፋስና ጨው በየቀኑ ይልሱታል። መስኮቶቹ ግን አሁንም ሰማይን ፍሬም አድርገው ይዘውታል።

ልቤን የወሰደው ግን እዚያ የተደረገው ነገር ነው። ገዳሙን በ657 የመሠረተችው ሂልድ የምትባል እመ ምኔት ናት። ወንዶችና ሴቶች መነኮሳትን በአንድ ላይ ታስተዳድር ነበር፤ ከእርሷ ዘንድ ከተማሩት አምስቱ ጳጳስ ሆነዋል። በዘመኑ አገሩን የሚገዛው ንጉሥ ኦስዊዩ ፋሲካን የሚቆጥረው በአየርላንድ መነኮሳት ስሌት ነው። ንግሥቲቱ ግን ከደቡብ፣ ከኬንት የመጣች ስለሆነች በሮም ስሌት ትጾማለች። ስለዚህ አንዳንድ ዓመት ንጉሡ ጾም ፈትቶ ፋሲካ ሲያከብር ሚስቱ ገና ሆሳዕና ላይ ናት! በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ!

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ ብል ማጋነን አይደለም። የፈረንጁ ፋሲካ አልፎ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቸኮሌት ሲበላ እኛ ሽሮ ይዘን የምንቀመጥበትን ሳምንት የማያውቅ ስደተኛ አለ? ባሕረ ሐሳብ ሲወጣ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመር ያደግን ሰዎች ይህ ጉዳይ ምን ያህል የሚያሟግት እንደሆነ እናውቃለን። በ664 ኦስዊዩ ሁለቱንም ወገን እዚህ ገደል ላይ ሰበሰበ። ኮልማን ለአየርላንዶቹ፣ ዊልፍሪድ ለሮም ተከራከሩ። ዊልፍሪድ የመንግሥተ ሰማይ ቁልፍ ለጴጥሮስ ተሰጥቷል ሲል ንጉሡ ኮልማንን እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው፤ እውነት ነው አለ። በቃ! ደጁን ከሚጠብቀው ጋር አልጣላም ብሎ ለሮም ፈረደ። ሂልድ ራሷ ከአየርላንዶቹ ወገን ነበረች፤ ፍርዱን ግን ተቀበለች።

አላበቃም። የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ልክ ደረጃው ሲያልቅ፣ በ1898 የቆመ ረጅም የድንጋይ መስቀል አለ። የካድሞን መታሰቢያ ነው። ካድሞን የዚህ ገዳም ከብት ጠባቂ ነበር። በግብዣ ላይ በገና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መዝፈን ስለማይችል ተራው ሳይደርስ ተነስቶ ይወጣ ነበር። አንድ ሌሊት ከከብቶቹ ጋር እንደተኛ በሕልሙ አንድ ሰው መጥቶ ዘምርልኝ አለው፤ ምን ልዘምር ቢለው ስለ ፍጥረት መጀመሪያ አለው፤ ዘመረ። ሂልድ ሰምታ ወደ ገዳሙ አስገባችው። ዛሬ ስሙ የሚታወቅ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ባለቅኔ እርሱ ነው። ትምህርት እምቢ ብሎት ከጉባኤ የሸሸውን፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ትሏን ያያትን፣ ዜማውንም ከሰማይ ተቀበለ የምንለውን ያሬድን ላለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። በመካከላቸው አንድ መቶ ዓመት ገደማ ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ ወደ ቸርች ስትሪት ውረዱ። በድንጋይ የተነጠፈች ጠባብ መንገድ ናት፤ ግራና ቀኝ ጄት የሚባለውን ጥቁር ጌጥ ይሸጡባታል። ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንጨት ነው! ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ውስጥ የሰመጠ ዛፍ ነው። አንዱን መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት፤ ክብደት የለውም፣ እንደ ድንጋይም አይቀዘቅዝም። ሻጯ ቀለም ያልተቀባ ሸክላ ላይ ጫር አደረገችው፤ ያ ድቅድቅ ጥቁር ነገር ቡናማ መስመር ትቶ አለፈ። እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ በ1861 ሲሞት ለሐዘን ያጠለቀችው ይህንኑ ነው፤ ከተማዋም ያን ጊዜ በጄት ሥራ በለጸገች።

ምግቡስ? ከደረጃው ግርጌ ሄንሪየታ ስትሪት ላይ ከ1872 ጀምሮ ዓሣ በእንጨት ጭስ የሚያጥን ፎርቹንስ የሚባል ቤት አለ። ጥቁር የእንጨት ጎጆው ሽታ ገና ከሩቅ ይጠራችኋል፤ ጭስ የጠጣ የጎጃም እርጎ እየቀመሰ ያደገ አፍ ይህን ጣዕም ይረዳዋል። ዓሣና የድንች ጥብሱም ግሩም ነው፤ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዮርክሸር ውስጥ በልማድ የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ድንቹንም ቢሆን ሳትጠይቁ አትዘዙ፤ በዘይት የሚጠብሱም ስላሉ ይነግሯችኋል። ደጅ ከበላችሁ ደግሞ እጃችሁን ሸፈን አድርጉ፣ ወፎቹ ነጥቀው ይሄዳሉ።

አሳሹ ካፒቴን ኩክ መርከበኝነት የተማረው እዚህ ነው፣ ኢንደቨር የተባለችው መርከቡም እዚሁ ተሠራች። ደራሲው ብራም ስቶከር በ1890 እዚህ ባረፈበት ጊዜ ነው ለልብ ወለዱ ድራኩላ የሚለውን ስም ያገኘው። እነዚህን ከተማዋ ራሷ በየማዕዘኑ ትነግራችኋለች።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ እስከ ሳንድዘንድ በእግር ሂዱ፤ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕሩ የሚመለስበትን ሰዓት ሳታዩ ግን አትነሱ። ከተቻላችሁ በሰኔ አጋማሽ ሂዱ፤ ዳርቻው ወደ ሰሜን ስለሚያይ በዚያ ሰሞን ፀሐይ ከባሕር ወጥታ ባሕር ውስጥ ትጠልቃለች። እሁድ ጉልበት ያለው በገደሉ አፋፍ እስከ ሮቢን ሁድስ ቤይ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአውቶቡስ ይመለስ።

ክፍል ቀድማችሁ ያዙ፣ በተለይ ጎዝ የሚባሉት ጥቁር ለባሾች በፀደይና በመከር ለበዓላቸው ከሚሰበሰቡባቸው ቀናት ራቁ፤ አልጋ አይገኝም። የንፋስ ጃኬት በበጋም ቢሆን ያዙ። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን፤ ደረጃው 199 ነው፣ ድንጋዩም ሲዘንብ ያሙለጨልጫል።